ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል

የቤት ነዳፊዋ ያን ንግግር የሰማችው ልጅ ሳለች ነው። ቤቱ ገና እየተሠራ ነበር። እሷ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጣ በጣቷ ጉድጓድ ስትቆፍር፣ ከጀርባዋ አባቷና ግንበኛው ስለ ደረጃው ይነጋገሩ ነበር። አባቷ ደረጃው በውጭ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲወጣ ነው የፈለጉት፤ ውስጥ ከሆነ ክፍል ይበላል። ግንበኛው “ይጠባል፤ መሐሉ ላይም መታጠፍ አለበት” አለ። አንድ ሰው ደግሞ “እርጅና ሲመጣስ?” ብሎ ጠየቀ። ይህን ያለችው እናቷ ትሁን ግንበኛው ራሱ፣ ዛሬም ድረስ አልለየላትም። አባቷ የመለሱትን ግን ታስታውሳለች፤ መልስም አይባልም፣ ሳቁ እንጂ። ከሳቁ በኋላ የተባለም ነገር ነበረ፤ እሱን ንፋስ ወሰደው።

እናቷ ሳታረጅ ሞተች። ታምማ በነበረበት ጊዜ ምድር ቤቱ ተሸጠ፤ አሁን የጨርቅ ነጋዴ መጋዘን ሆኗል። ለአባትና ለልጅ የቀረላቸው ፎቁና በቤቱ ጎን እንደ ጥብጣብ የተዘረጋች ቀጭን ግቢ ናት። አባቷ ግን አረጁ።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው “ፊሽካ” በሚለው ስም ነው። በሥራ ቀን የጎማ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ በዕረፍት ቀን የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ከተጫዋች እኩል ሮጠው፣ ከተመልካች በላይ ጮኸው፣ ተሰድበው ተመርቀው ሲገቡ፣ ጫማቸው ላይ የሜዳውን ጭቃ ይዘው ነበር የሚመጡት። በኋላ ስኳሩ መጣ። አንደኛው እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ሌላው ቢኖርም ለመቆም የሚያበቃ አልሆነም። ዊልቸር ተገኘ፤ የዊልቸሩ መንገድ ግን ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎኑ መስኮት ነው። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበር አያልፍም፤ ሁለት ሰውም ጎን ለጎን አያስቆምም። ለመውረድ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ መታዘል።

የመጋዘኑ ሠራተኞች ይህን አይተው ወጡና፣ “ጋሽዬ፣ እኛ እናወርድዎታለን፤ ጣቃ ተሸክመን አይደል የምንውለው?” አሏቸው።

“እኔ ጣቃ ነኝ?”

“ኧረ እንዲያው ለምሳሌ ነው።”

“ስሙኝ ልጆች። ከሜዳ ተሸክመው የሚያስወጡት ተጫዋች ነው። ዳኛ በሰው ጀርባ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ልጆቹ አላዩም። ስቀው ወረዱ፤ ዳግመኛም አልጠየቁም። ከሆስፒታል ሲመለሱ በምን ወደ ፎቅ እንደወጡ እሳቸውም አይጠይቁም፣ ማንም አይነግራቸውም፤ ያኔ ራሳቸውን አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር እንደተቀመጡ፣ “አፈር ናፈቀኝ” አሉ።

ልጃቸው ክው አለች።

“እንዴ፣ የሚረገጠውን አፈር ነው ያልኩሽ! ወደ ሌላው መች ቸኮልኩ” ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወደ ማድቤት ገብታ ግን ጥቂት ቆየች። ሲሻላት ወጣችና በዚያች ቀጭን ግቢ አንድ ክፍል እንደምትሠራላቸው ነገረቻቸው። ደረጃ የሌለው፣ በሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት፣ በራሳቸው እጅ ጎማቸውን እየገፉ ደጅ የሚወጡበት። አባቷ ማታ ከመኝታቸው ሆነው፣ “በሩ ሰፊ ይሁን” ሲሉ ሰማቻቸው።

ሥራው ለእሷ እንግዳ አይደለም። በምትሠራበት የንድፍ ቢሮ ሥዕሉንም ትሠራለች፤ ይበልጥ የምትታወቀው ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ በሚገባው ጽሑፍ ነው፤ በንድፍ ማብራሪያው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያለ እሱ ማመልከቻ አይቀበልም። ሥዕሉ ምን እንደሚሠራ ያሳያል፤ ማብራሪያው ለምን እንዲያ እንደሆነ ያስረዳል፦ ክፍሉ ለምን በዚህ ጎን ሆነ፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ሰው በየት ይገባል፣ አጠገቡ ካሉት ቤቶች ጋርስ እንዴት ይኖራል። አለቃዋ፣ “አንቺ ልጅ፣ የዶሮ ቤት ማብራሪያ ብትጽፊ እኔው ገብቼ ልኖርበት ያምረኛል” ይላታል።

ቢሮው ባስገባቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ውስጥ የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ “ግንባታው ከአካባቢው ጋር የተጣጣመ ነው” የምትል። የትኛውም ግንባታ፣ ከየትኛውም አካባቢ ጋር፣ ሁልጊዜ የተጣጣመ ነው። ነዳፊዋ ይህችን ዓረፍተ ነገር ዓይኗን ጨፍና ስትጽፋት ኖራለች። ለአባቷ ክፍል ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አላት። ለእሳቸውማ ከልብ የሆነ ነገር ይጻፍ አለች። ወርዳ ግቢው ውስጥ ቆመች፤ የጎረቤቱን አጥርና ጣሪያ አየች፤ የግድግዳውን የደበዘዘ ቢጫ አየች። ተመልሳ እንዲህ ጻፈች፦ “የክፍሉ ጣሪያ ከጎረቤቱ አጥር ብዙ አይልቅም፤ ቀለሙም የእሱን ይከተላል። በመጠኑም በመልኩም ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል።” ደግማ ስታነበው ደስ አላት። እውነት ነበረ።

ከሳምንታት በኋላ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተጠራች። መርማሪው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

“እህቴ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ሥዕሉም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ የስምምነቱ ወረቀት።”

“የምን ስምምነት?”

“የጎረቤትዎ።” ማብራሪያውን ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት። “ይኸው፣ ‹ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል› ብለዋል።”

ሳቋ አመለጣት። “እሱማ ቤቱ ነው።”

“የቱ ቤት?”

“የጎረቤቱ ቤት ነዋ! ክፍሉ ከጎረቤቱ ቤት ጋር ይስማማል። በልክ፣ በቀለም።”

“ቤት ይስማማል?”

“ለምን አይስማማም? አሁን ይኼ ሸሚዝ አይስማማህም?”

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ። አንገቱ ጋ ትንሽ ይጠበዋል። “ሸሚዝ አልፈርምም አይልም” አለ፤ ሊቀልድ ሳይሆን ከልቡ።

“እሺ፣ ችግር የለም። እሰርዘዋለሁ። ‹ይጣጣማል› ልበለው።”

“ተመዝግቧል እኮ። አሁን ቢሰረዝ ለሚያነበው ሰው ምን ይመስላል? ያኔ ይስማማ ነበር፣ ዛሬ ግን አይስማማም። ክርክር ተነሥቷል ማለት ነው። ክርክር ያለበት ደግሞ ወደ ቅሬታ ክፍል ነው የሚሄደው።”

“እዚያ ብዙ ይቆያል?”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔ ስቀጠር እዚያ የነበሩ ፋይሎች አሁንም አሉ።”

“ማንም አልተከራከረም! እንዲያው በእናትህ!”

“ለዚህ እኮ ነው ፊርማ የምንፈልገው።”

“ሌላውን ሰው ሁሉ ጎረቤት አስፈርም ትሉታላችሁ?”

“አንልም። አይጠየቅም። አመልካቹ ራሱ ካላነሣው በቀር።” መርማሪው አዘነላት፤ ፊቱ ላይ ይታያል። “እርስዎ ደግሞ አነሡት።”

ወደ ቤት ስትመለስ ያን ያህል አልከፋትም። ጎረቤቱ ሾፌር ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። አባቷን “ጋሽዬ” ሳይል የማያልፍ፣ በልጅነቱ እሳቸው የዳኙት፣ ሳቂታ ሰው። ፊርማ ምን አላት? አንድ ጭረት። ስትደርስ መኪናው ሥር ተንጋሎ ነበር፤ ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች። እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ወጣ።

“ክፍል ልትሠሩ? እሰይ! ጋሽዬ ሊወርዱ ነው በይኛ! አጥሬን ተደገፉት፣ ምን ቸገረኝ። አሸዋ ካስፈለገሽ ንገሪኝ፤ በመኪናዬ አራግፍልሻለሁ።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚች ላይ ብቻ ትፈርምልኛለህ።”

ጨርቁ እጁ ውስጥ ቆመ። “ምን ላይ?”

“ትስማማለህ የሚል ወረቀት ነው። ሌላ ምንም የለበትም፤ አንብበው።”

“እህት ዓለም፣ ይሠራ ብያለሁ እኮ። በአምላክ ፊት ብያለሁ።”

“አውቃለሁ። እነሱ ግን አምላክን ለምስክርነት አይጠሩትም።”

ሾፌሩ አልሳቀም። “አልፈርምም” አለ።

“አይፈርምም፣ እቴ” አለች ሚስቱ ከገመዱ ማዶ። “የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት እንኳን እኔ ነኝ የምፈርመው። የሠርጋችን ቀን በስንት ልመና መሰለሽ!”

“እንግዲያው አንቺ ፈርሚልኛ።”

“ቤቱ የእናቱ ውርስ ነው፣ በእሱ ስም ነው። የእኔን ማን ያይልሻል?”

ሾፌሩ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሊያወራው እንደማይወድ ያስታውቃል፤ ግን እንዲሁ ሊሰዳት አልቻለም። “ድሮ አንድ አደጋ ነበረ” አለ። “እኔና ጓደኛዬ በየመኪናችን ነበርን። ሰው ሞተ። ፖሊሶች ያየሁትን ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ‹ጓደኛዬ ቀድሞኝ ነበር› አልኩ። ከእኔ በፊት ተነሥቶ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር ለማለት ነው። እነሱ ‹ደርቦ ቀደመው› ብለው ጻፉት። እኔ ደግሞ ሳላነብ ፈረምኩ። የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ እሱ እስር ቤት ነበር።” እጁን አየ። “የተናገርኩትን እኔ አውቃለሁ። የፈረምኩት ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚች እጅ አልፈርምም ብዬ ማልሁ። ተቀየሚኝ፤ መብትሽ ነው።”

ልትቀየመው ፈለገች። ብትቀየመው ደግ ነበር፤ የሚገፋ ነገር ታገኝ ነበር። ግን ምን ብላ ትቀየመው? አንድ ቃል ምን እንደምታደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ፊቷ ተቀምጧል። ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቤት ገባች።

አለቃዋ፣ “ቆይ እኔ ልሂድ፤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አውቃታለሁ” ብሎ ሄደ። ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ምን አለች?”

“አሞገሰችሽ።”

“እንዴት?”

“‹እንዲህ ያለ ማብራሪያ አይተን አናውቅም፤ ግልጽ ነው፣ ከልብ የተጻፈ ነው፤ ለሌሎች አመልካቾች ናሙና እንዲሆን ሰሌዳ ላይ ልንለጥፈው አስበናል› አለች። ሞቅ አድርጋ ነው የተቀበለችኝ።” ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “‹የስምምነቱ ወረቀት እንደመጣ እንለጥፈዋለን› አለችኝ።”

“ማመልከቻውን ብናነሣውና እንደ አዲስ ብናስገባስ?”

“ጠይቄያታለሁ። ስምምነት የተጠቀሰበት ማመልከቻ ሲነሣ ጎረቤቱ እንዲያውቀው ይደረጋል አለች። ማወቁንም …”

“በፊርማው ያረጋግጣል።”

“በፊርማው ያረጋግጣል” አለ አለቃዋ። ትንሽ ቆይቶ፣ “ይቺን ‹የተጣጣመ ነው› እያልሽ መቀጠል ነበረብሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ” አላት፤ ሊወቅሳት ሳይሆን፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ።

አባቷ ማታ ማታ፣ “እህ፣ ምን አሉ?” ይሏታል። እሷ፣ “እየታየ ነው፣ አባባ” ትላለች። “ይታይ ይታይ፤ አጣድፎ መዳኘት ጥሩ አይደለም” ይላሉ። ከመስኮቱ ሆነው ግቢዋን ቁልቁል ያያሉ፤ አልጋው በዚህ በኩል፣ በሩ በዚያ በኩል እያሉ በጣታቸው አየር ላይ ያሰምራሉ። ልጃቸው ሰሃን እያጠበች ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። ልትጸልይ ስትንበረከክ እንኳ ቃል ስትመርጥ ራሷን ታገኘዋለች፤ ይኼኛውስ ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆን እያለች። በመጨረሻ ዝም ብላ መንበርከክ ብቻ ሆነ ጸሎቷ።

አንድ ቀን አባቷ፣ “ዛሬ ፊቴ ተቀመጪና ንገሪኝ” አሏት። ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ጎረቤቱን፣ ቤቱን፣ ሸሚዙን ሁሉ። ሸሚዙ ጋ ስትደርስ አባቷ ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። “ሸሚዝ አልፈርምም አይልም! ልጁ አዋቂ ነው!” አሉ። የሾፌሩን ስትነግራቸው ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። “እሱስ እውነቱን ነው” አሉ። ቀጥለውም የወንበሩን ጎማ ይዘው ዞሩና ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አላስጠጉም። ብትገፋላቸው፣ “እዚህ ይሻለኛል” ይላሉ። ምግባቸውን ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ አይቆጡም። ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ግድግዳ ያያሉ። የምትጽፈውን ቤት ሁሉ የሚያሳምር እጅ አላት የተባለላት ልጃቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ይህን ታያለች። አንዳንዴ እጃቸውን ትይዛለች። የምትይዘው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ሾፌሩ ደረጃውን የወጣው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

“ጋሽዬ፣ ልክ አልሠራሁም።”

“ምን አጠፋህ?” አሉ አባቷ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

“አልፈረምኩም።”

“ሰምቻለሁ።”

“አሁንም አልፈርምም።”

አባቷ ዞሩ። “ታዲያ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልታረጋግጥልኝ?”

“ላወርድዎት ነው።”

“በምን?”

ሾፌሩ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጀርባውን ሰጣቸው። ሰፊ ጀርባ ነው።

“ሂድ ወዲያ። ሕፃን አደረግኸኝ?”

“ሕፃንማ ይቀላል።”

“ልጄን ጠይቃት፤ ለስንቱ እምቢ እንዳልኩ ትነግርሃለች። ሂድ ብያለሁ!”

ሾፌሩ አልሄደም። ዊልቸሩ ፊት ጀርባውን እንደሰጠ ቁጢጥ አለ፤ እጆቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጠበቀ። ነዳፊዋ፣ ተወው፣ አታስቸግራቸው ልትል አፏን ከፈተች። ለማን ወግና እንደምትናገር ግን ጠፋት፤ አፏን መልሳ ዘጋችው። ከታች የጨርቅ ጣቃ ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰማል። የሾፌሩ ጉልበት ቀጭ አለ።

“ተነሥ አንተ ሰው” አሉ አባቷ። “ጉልበትህ ሲጮህ ይሰማኛል።”

“እያረጀሁ ነዋ። ቶሎ ካልወጡብኝ እኔንም የሚያወርደኝ ሰው ልትፈልጉ ነው።”

አባቷ ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። “ደጅ ሰው አለ?”

“አለ። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሙሉ ነው።”

“ያዩኛል።”

“ያዩዎታል” አለ ሾፌሩ። አላባበላቸውም።

“ነገስ?”

“ነገ መንገድ ነኝ፣ ጋሽዬ። ስመለስ ደግሞ እመጣለሁ።”

“መቼ ነው የምትመለሰው?”

“እሱን ጭነቱ ነው የሚያውቀው።”

ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የለውም። ነዳፊዋ አባቷን አየቻቸው። ሰፊ በር ያለው ክፍል ቃል ገብታላቸው ነበር፤ የቀረበላቸው ግን አንድ ላብ ያለው ጀርባ ነው፣ እሱም ዛሬን ብቻ። ልትለምናቸውም ልታስቀራቸውም አልደፈረችም። አባቷ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሾፌሩን ጀርባ ያያሉ። ቁጢጥ ያለው ሰው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ አልተነሣም።

“ነይ” አሏት በመጨረሻ፣ ሳያዩዋት። “የሱሪዬን እግር እጠፊልኝ፤ እንዳይንዘላዘል።”

ተንበርክካ ባዶውን የሱሪ እግር አጠፈች፤ በመርፌ ቁልፍም አያያዘችው። ቀና ስትል አባቷ ጎንበስ ብለው አንድ እጃቸውን በሾፌሩ ትከሻ ላይ አሳረፉ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን።

“እሺ” አሉ። “አውርደኝ። ታች ስንደርስ ግን ሰላም ልበል ብለህ ከማንም ጋር እንዳትቆም፤ ቶሎ መሬት ላይ አስቀምጠኝ።”